ሞኒተር በየመሐሉ «ሲግናል የለም» ሲል ጥፋቱን የት እንፈልግ?

በአንድ አነስተኛ ቢሮ የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሞኒተሮች አሏት። ካለፈው ኅዳር ጀምሮ እነዚህ ሞኒተሮች በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያለምንም ማስጠንቀቂያ ይጨልሙ ጀመር። «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ለአንድ አፍታ ብቅ ይላል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ሰከንድ በኋላ ምስሉ ይመለሳል። ኮምፒውተሩ አይጠፋም፣ የከፈተችውም ሥራ አይጠፋባትም። ቢሮው በመጀመሪያ አንዱን ሞኒተር፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሌላውን በአዲስ ቀየረ፤ ችግሩ ግን ባለበት ቀጠለ። እኔ የተጠራሁት ለሁለት ሞኒተሮች ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነበር፤ ይህን ማብራሪያ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ያ በከንቱ የወጣ ገንዘብ ነው።

«ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ሞኒተሩ ስለ ራሱ ሕመም የሚናገረው ቃል አይደለም። ከኮምፒውተሩ ሊደርሰው ይገባ የነበረው መረጃ እንዳልደረሰው ማስታወቂያ ነው። ይህን ጽሑፍ ማሳየት የቻለ ሞኒተር ስክሪኑም፣ የጀርባ መብራቱም፣ የራሱ የኃይል ክፍልም እየሠሩ መሆናቸውን በዚያው ቅጽበት አሳይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ በአብዛኛው የሚገኘው መረጃው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም በኬብሉ፣ ምስሉን በሚያዘጋጀው ግራፊክስ ካርድ፣ ለካርዱ ኃይል በሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ፣ ካርዱን በሚያዝዘው ሶፍትዌር (ድራይቨር)፣ ወይም ሁሉም በተሰኩበት የግድግዳ ሶኬት ዘንድ ነው። የሞኒተሩ መሰኪያ ራሱ የሚበላሽበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ ነገር ግን ሁለት ሞኒተሮች በአንድ ጊዜ ሲጨልሙ የሁለቱም መሰኪያ በአንድ ሰከንድ ተበላሸ ብሎ ማሰብ አይቻልም።

ምስሉ ለምን ቀስ በቀስ ሳይደክም በአንዴ እንደሚጠፋ ለመረዳት የድሮውንና የአሁኑን ኬብል ማነጻጸር ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ቪጂኤ የተባለው የሞኒተር ማገናኛ ምስሉን ያስተላልፍ የነበረው ከፍና ዝቅ በሚል የቮልቴጅ መጠን ነበር። ኬብሉ ሲላላ ወይም ሲያረጅ ምስሉ ይደበዝዛል፣ በፊደላቱ ጎን ጥላ ይታያል፣ ቀለሙ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ተጠቃሚውም ችግር እየመጣ መሆኑን ቀደም ብሎ ያውቃል። የአሁኖቹ ማገናኛዎች፣ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይ ፖርት፣ ግን ምስሉን የሚልኩት በዜሮና በአንድ ነው። ተቀባዩ ዜሮውን ከአንዱ መለየት እስከቻለ ድረስ ምስሉ ፍጹም ጥርት ያለ ነው፤ መለየት ሲያቅተው ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ነጭ ነጠብጣብ ሊያሳይ ይችላል እንጂ ብዙም ሳይቆይ ሙሉ በሙሉ ይጨልማል። ዛሬ ድንገት የጨለመ ስክሪን ትናንት በጥራት መሥራቱ ኬብሉ ደኅና እንደነበረ አያስረዳም፤ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የነበረ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መንገድ የሚያልፈው መረጃ ብዛቱ ከባድ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ በ24 ቢት፣ ማለትም በ24 ዜሮና አንዶች፣ ይገለጻል፤ ይህ ሁሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ሲላክ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት ይጠጋል። የነጥቡ ብዛት አራት እጥፍ የሆነው ፎርኬ ስክሪን በዚያው ፍጥነት 12 ቢሊዮን ያህል ይፈልጋል። ኤችዲኤምአይ 1.4 የተባለው እትም በሰከንድ እስከ 10.2 ጊጋቢት፣ 2.0 ደግሞ እስከ 18 ጊጋቢት እንዲያሳልፍ የተደነገገ ሲሆን፣ 2.1 እስከ 48 ጊጋቢት ይደርሳል፤ አንዱ ጊጋቢት አንድ ቢሊዮን ቢት መሆኑን ልብ ይሏል። ለአሮጌው ሞኒተር ለዓመታት ያገለገለው ኬብል አዲሱ ሞኒተር ሲገዛ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። ኬብሉ አልተበላሸም፤ የተጫነበት ጭነት ግን በዝቷል።

ሌላም ነገር አለ። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ ምስል ከመተላለፉ በፊት ይነጋገራሉ። ሞኒተሩ በምን ያህል ስፋትና ፍጥነት መሥራት እንደሚችል ይናገራል፤ በዲስፕሌይ ፖርት ደግሞ ሁለቱ ወገኖች በኬብሉ ላይ ሙከራ አድርገው በአንድ ፍጥነት ላይ ይስማማሉ። ይህ ስምምነት በአንዲት ቅጽበት ሁከት ከፈረሰ ንግግሩ ከመጀመሪያው ይጀመራል፤ ስክሪኑ ጨልሞ የሚቆይባቸው እነዚያ ሦስት አራት ሰከንዶችም የንግግሩ ጊዜ ናቸው። ሁከቱ ራሱ የሰከንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሣት በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ምስሉ ሲጠፋ አብሮ የጠፋው ምንድን ነው? የጨለመው አንዱ ሞኒተር ብቻ ከሆነና ሌላው ከቀጠለ፣ ጥርጣሬው በዚያ ሞኒተር ኬብል፣ መሰኪያና የኃይል ገመድ ላይ ይወድቃል፤ የሁለቱን ኬብል ማለዋወጥና ጥፋቱ ከኬብሉ ጋር ይሄድ ወይም ከሞኒተሩ ጋር ይቀር እንደሆነ ማየት ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ፈጣን መልስ ይሰጣል። ሁለቱም አብረው ከጨለሙና ድምፁ፣ ለምሳሌ የተከፈተ ሙዚቃ፣ ከቀጠለ ኮምፒውተሩ በሕይወት አለ፤ ችግሩ ከካርዱ ወዲህ ባለው ክፍል ወይም በዙሪያው ነው። ድምፁ በአንድ ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ከተደጋገመና የካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ ከጮኸ ካርዱ ራሱ ቆሟል። የሞኒተሩ የፊት መብራት ጭምር ከጠፋ ግን የሲግናል ጉዳይ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ስክሪኑ የጨለመ መስሎ የእጅ ባትሪ ከጎን ሲበራበት ምስሉ በደበዘዘ ሁኔታ የሚታይ ከሆነ ደግሞ የጀርባ መብራቱ ነው የሞተው፤ በዚህ ጊዜ ሞኒተሩን ወደ ጥገና መውሰድ ተገቢ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ደብተር ነው። ሰዎች «ዝም ብሎ ነው የሚጠፋው» ሲሉ ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ዝም ብሎ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። ለሒሳብ ባለሙያዋም ያልኳት በጨለመ ቁጥር ሰዓቱን፣ በዚያች ደቂቃ እየሠራች የነበረውን፣ በክፍሉ ውስጥም የተነሣ፣ የተቀመጠ፣ የተከፈተ ወይም የተዘጋ ነገር ካለ እንድትጽፍ ነው። በሳምንቱ መጨረሻ 31 መስመር ጽፋ ጠበቀችኝ። ያንን ደብተር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በልምዴ ከሁሉ አብዝቶ የሚያስቸግረው ኬብል ስለሆነ በእርሱ ላይ ልቆይ። ኤችዲኤምአይ በአብዛኛው መቆለፊያ የለውም፤ የያዘው በጥብቀቱ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ሲነቃነቅ፣ ሞኒተሩ ሲዞር፣ የኮምፒውተሩ ሳጥን (ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለው) ወደ ግድግዳ ተገፍቶ ኬብሉን ሲያጥፈው መሰኪያው ቀስ በቀስ ይላላል። በኬብሉ ውስጥ ካሉት ገመዶች አንዱ ሥራው «ሞኒተር ተሰክቷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ መንገር ብቻ ነው፤ ይህ ገመድ ለአንድ አፍታ ቢላቀቅ ዊንዶውስ ሞኒተሩ የተነቀለ ይመስለውና የተከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ ወደ ሌላው ስክሪን ያግዛቸዋል። ምስሉ ሲመለስ መስኮቶቹ ተዘበራርቀው ካገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ኬብሉን መጠርጠር ከተጀመረ ደግሞ ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ፈተና አለ። በዊንዶውስ የማሳያ ቅንብር ውስጥ ገብተው የስክሪኑን የማደሻ ፍጥነት (ምስሉ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚላክ) ዝቅ ያድርጉ፤ 144 ከነበረ 60፣ ፎርኬ በ60 ከነበረ 30 ያድርጉት፤ ወይም ስፋቱን ወደ 1920 በ1080 ይቀንሱ። ይህ በኬብሉ ላይ ያለውን ጭነት በግማሽና ከዚያም በላይ ያቀልለታል። በዚህ ሁኔታ ለሁለት ቀን ሳይጨልም ከቆየ ኬብሉ ለጭነቱ አይመጥንም ማለት ነው፤ አጠር ያለ፣ ከሁለት ሜትር ያልበለጠና ለዚያ ፍጥነት የተሠራ ኬብል መግዛት ይበቃል። ቀጭን የአምስት ሜትር ኬብል ርካሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መረጃው በረዘመ መዳብ ውስጥ በተጓዘ ቁጥር ይደክማል፣ መከላከያ ሽፋኑም ብዙውን ጊዜ ስስ ነው።

ስለ ዲስፕሌይ ፖርት አንድ ነገር ማከል አለብኝ። መሰኪያው 20 እግሮች ያሉት ሲሆን 20ኛው እግር 3.3 ቮልት ኃይል ይይዛል። ኃይሉ ለአስማሚዎች የታሰበ ነው፤ ኮምፒውተርን ከሞኒተር በሚያገናኝ ተራ ኬብል ውስጥ ይህ እግር ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት እንደሌለበት ደንቡ ይከለክላል። በጥንቃቄ ያልተሠሩ ኬብሎች ግን ያገናኙታል፤ በዚህ ጊዜ ሞኒተሩ ወደ ኮምፒውተሩ ኃይል ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ሲነቀል ብቻ መነሣትን የመሰለ ግራ የሚያጋባ ጠባይም ያመጣል። ከአንዱ ዓይነት መሰኪያ ወደ ሌላው የሚቀይሩ አስማሚዎችም ሌላ የጥፋት ምንጭ ናቸው። ለቢሮ የተሠሩ ብዙ ዴስክቶፖች ዲስፕሌይ ፖርት ብቻ ስላላቸው በእኛ አገር ወደ ኤችዲኤምአይ ወይም ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አስማሚ የማይታይበት ቢሮ ጥቂት ነው። ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው በውስጡ የሚሠራ ቺፕ ስላለው ይሞቃል፤ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ብቻ የሚጀምር መቋረጥ ካለ አስማሚውን በእጅ መንካት አይዘንጋ።

አሁን ወደ ደብተሩ ልመለስ። ከ31ዱ መስመሮች 22ቱ ላይ ከሰዓቱ ጎን «ከመቀመጫዬ ስነሣ» ወይም «ስቀመጥ» የሚል ተጽፏል። እርሷ ይህን ስትጽፍ ትርጉም ይኖረዋል ብላ አላሰበችም፤ እኔ ግን ገጹን እንዳየሁ ወንበሩን ጎትቼ አየሁት። ከፍና ዝቅ የሚል፣ በመካከሉ የጋዝ ሲሊንደር ያለው የቢሮ ወንበር ነበር።

ይህ እንግዳ ቢመስልም በሙያው የታወቀ ነገር ነው፤ ከእንዲህ ዓይነት ወንበሮች ስለሚወጣ የኤሌክትሪክ ሁከት እ.ኤ.አ. በ1993 ዓ.ም. ጥናት ቀርቧል፤ ዲስፕሌይሊንክ የተባለው የማሳያ ቴክኖሎጂ አምራችም ሞኒተሮች የሚጨልሙበት አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ለደንበኞቹ ባወጣው ማብራሪያ ጠቅሷል። ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ልብስ ከወንበሩ ጨርቅ ጋር ሲፋተግ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ሹራብ ስናወልቅ ጠጠጥ የሚለው ማለት ነው። ሰው ሲነሣ ወይም ሲቀመጥ የሲሊንደሩ የብረት ክፍሎች እርስ በርስ ይንቀሳቀሳሉ፤ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክም በመካከላቸው ዘልሎ ይተላለፋል። ያ ዝላይ እጅግ አጭርና እጅግ ፈጣን ስለሆነ እንደ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ማዕበል ይረጫል፤ በአቅራቢያው ያለ ረጅምና ሽፋኑ የሳሳ ኬብል ደግሞ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። በኬብሉ ውስጥ በሚያልፉት ዜሮና አንዶች መካከል ባዕድ ነገር ገባ፣ ስምምነቱ ፈረሰ፣ ስክሪኑ ጨለመ። አየሩ ሲደርቅ ስታቲክ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ስለሚጠራቀም ችግሩ በክረምት ሳይሰማ ቆይቶ በኅዳር መጀመሩም የሚያስደንቅ አልነበረም።

ነገር ግን በወንበሩ ብቻ ላሳብብ አልችልም። ያን ዕለት የኮምፒውተሩን የብረት ሳጥን ስነካ ነዘረኝ። ይህ ንዝረት ለብዙዎቻችን የተለመደ ስለሆነ ችላ እንለዋለን፤ መታለፍ ግን የለበትም። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሁከትን ለማጣራት የተቀመጡ ክፍሎች ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ሳጥኑ ያሳልፋሉ፤ ይህ ኤሌክትሪክ የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ግራውንድ ወይም አርዝ በሚሉት መስመር ወደ መሬት መውረድ አለበት። ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ግራውንድ ከሌለው መሄጃ ያጣል፤ በ220 ቮልት መስመር ላይ ሳጥኑ ግማሹን ያህል፣ ወደ 110 ቮልት፣ ይዞ ይቆያል። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ሰውን ነዝሮ ያልፋል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ኮምፒውተሩ በአንድ ሶኬት፣ ሞኒተሩ በሌላ ሶኬት ሲሰኩ በሁለቱ መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት በኬብሉ ሽፋን በኩል መንገድ ይፈልጋል፤ ሁሉም ተሰክተው ሳለ ኬብል የሚነቅልና የሚሰካ ሰው መሰኪያውን እስከ ወዲያኛው ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ኬብል ከመቀየር በፊት ሁለቱንም ከግድግዳው መንቀል፣ ሁለቱንም ግራውንድ ባለው በአንድ ዲቫይደር ላይ መሰካት፣ ሳጥኑ የሚነዝር ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ መስመሩን ማስፈተሽ ያስፈልጋል። ይህን የምለው ለሞኒተሩ ብቻ ብዬ አይደለም፤ የሰው ሕይወትም ጉዳይ ነው።

በኤሌክትሪኩ በኩል ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። በብዙ ቢሮዎች ሳጥኑ መብራት ሲቋረጥ ከባትሪ ኃይል በሚሰጠው ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ ሞኒተሩ በቀጥታ ከግድግዳው ላይ ይሰካል፤ መብራት ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ይቀጥላል፣ ሞኒተሩ ይጠፋል፣ ተጠቃሚውም ሲግናል ጠፋ ይላል። ሌላው ስታቢላይዘር ነው። በተለምዶ የሚሸጡት ቮልቴጁን የሚያስተካክሉት በውስጣቸው ያለው ማብሪያ ቀጭ እያለ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው በመዝለል ነው፤ በዝላዩ መካከል ኃይሉ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ይቋረጣል። ጨለማው ከዚያ ቀጭታ ጋር የሚገጥም ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል።

በተለይ ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር የራሱ ጉዳዮች አሉት። ካርዱ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ማስገቢያ እስከ 75 ዋት ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ሲፈልግ ባለ 6 እግሩ ገመድ ሌላ 75፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት እንዲሰጡት ተደንግጓል። ካርዱ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ከተጻፈለት መጠን እጅግ ከፍ ያለ ኃይል ሊስብ ስለሚችል ያረጀ ወይም አቅሙ ያነሰ ፓወር ሰፕላይ በዚያች ቅጽበት ይከዳዋል። ይህ የሚታወቀው ጨለማው ጌም ወይም ቪዲዮ ማቀናበሪያ ሲከፈት ብቻ በመምጣቱ ነው። ሁለት መሰኪያ ያለው ካርድ ከሆነ ከአንድ ገመድ የተቀጠሉ ሁለት ጫፎችን ከመጠቀም ሁለት የተለያዩ ገመዶችን መጠቀም ይሻላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን ግን እንዳይከፍቱ አደራ፤ ተነቅሎም ቢሆን በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ካርዱን ነቅሎ ብናኙን በማጽዳት መልሶ ጠበቅ አድርጎ መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። የካርዱን ወርቅማ እግሮች በላጲስ መፈግፈግ የተለመደ ቢሆንም እኔ በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ መጥረግን እመርጣለሁ፤ ላጲስ ሲደጋገም ስሱን ልባጥ ይልጠዋል። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ካለው ደግሞ ካርዱን አውጥቶ ሞኒተሩን ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ጋር በማገናኘት ጥቂት ቀን መሥራት ካርዱ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ይለያል።

ሶፍትዌሩን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ብዙዎች ከእርሱ ስለሚጀምሩና ዊንዶውስን ሁለት ሦስት ጊዜ ጭነው ስለሚደክሙ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ከተባለው እትሙ ጀምሮ የግራፊክስ ካርዱን ይጠብቃል፤ ካርዱ ለ2 ሰከንድ መልስ ካልሰጠ ድራይቨሩን እንደገና ያስነሣዋል፤ ስክሪኑም በዚያ መካከል ይጨልማል። ይህ ሲሆን ኢቨንት ቪወር በሚባለው መዝገብ ውስጥ፣ በሲስተም ክፍል፣ 4101 የሚል ቁጥር ብዙ ጊዜ ይገኛል። የተመዘገበው ሰዓት በደብተሩ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ከገጠመ ጥርጣሬው ወደ ካርዱና ወደ ድራይቨሩ ይሄዳል፤ በዚያን ጊዜ የድሮውን ድራይቨር በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በመሠረታዊ ነገሮች ብቻ በሚነሣበት ሁኔታ) ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ከአምራቹ የወጣውን መጫን ተገቢ ነው። በሒሳብ ባለሙያዋ ኮምፒውተር ላይ ግን በ31ዱም ሰዓቶች መዝገቡ ባዶ ነበር፤ ዊንዶውስ ምንም አላወቀም። ከካርዱ ወዲህ ባለው መንገድ ላይ እንዳተኩር ያደረገኝ አንዱ ይህ ነው።

በየትኛውም ፍለጋ አንድ ሕግ አጥብቄ እይዛለሁ፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ከዚያም ጥፋቱ በተለመደው ጊዜ ከሚመላለስበት ሁለት እጥፍ ያህል መጠበቅ። በዚያ ቢሮም እንዲሁ አደረግን። በመጀመሪያ በነበረው ኬብል ሃያ ጊዜ ከወንበሩ እየተነሣች እንድትቀመጥ ጠየቅኋት፤ ስክሪኖቹ አራት ጊዜ ጨለሙ። የአምስት ሜትሮቹን ኬብሎች በአንድ ሜትር ተኩል ኬብሎች ቀይረን፣ ሳጥኑን ወደ ጠረጴዛው አቅርበን ሃያውን ደገምን፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጨለመ። በማግስቱ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሶኬቱን ከፍቶ የግራውንድ ሽቦው ከብሎኑ ተላቅቆ ተንጠልጥሎ አገኘው፤ አጠበቀው፣ ለካው፣ የሳጥኑም ንዝረት ቀረ። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሃያ መነሣትና መቀመጥ ያለ አንዳች ጨለማ አለፈ። ደብተሩ ለሦስት ሳምንት ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ቆየ፤ ከ31ኛው መስመር በታች የተጻፈ ነገር አልነበረም። በመጋዘን ተቀምጠው የነበሩት ሁለቱ የድሮ ሞኒተሮችም ተፈትሸው ጤነኛ ሆነው ስለተገኙ ዛሬ በዚያው ቢሮ በሌሎች ሁለት ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ እየሠሩ ናቸው።